ባለ ጎፈሬው ዶሮ በሴት አልባው ደሴት

ጣሊያን ባሕር ዳር በነበረበት ዘመን ያየሁትን ሁሉ ብናገር ግማሹን ውሸት ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግማሹ ውሸት ነው። የዛሬው ግን ከሌላኛው ግማሽ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ብጨምርበትም ለወጥ ከሚጨመር ጨው አላልፍም።

ያን ጊዜ ሥራዬ እንጨት ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከዘጌ ደረቅ እንጨት እንጭንና ባሕር ዳር ጣሊያኖቹ ሰፈር እናራግፋለን። ታንኳው የጓደኛዬ ነው። እሱ ከሐይቁ ዳር እስላሞች ወገን ነው፤ አባቱም አያቱም ደንገል እያጨዱ፣ እያደረቁ፣ ታንኳ እያሰሩ የኖሩ ናቸው። እሱ ራሱ ገና እናቱ ሆድ ሳለ ዘንግ ጨብጦ ነበር ይባላል፤ የሚለውም እሱ ነው። እኔ ያረድሁትን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም፤ ዓሣ ግን ቢላ ሳይጠይቅ ስለሚሞት ሁለታችንንም አዋድዶ ያኖረን ነበር።

የምንጓዘው በማለዳ፣ ሐይቁ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ጉም ከውሃው ይነሣና ውሃውም ሰማዩም አብረው ይጠፋሉ። ከታች ሻላ፣ ያ ትልቁ የውሃ ወፍ፣ ይንሳፈፋል፣ ከላይም ሻላ ይንሳፈፋል፤ የትኛው ውሃ ላይ፣ የትኛው አየር ላይ እንደሆነ አይለይም። የደንገል ታንኳ ግማሽ ገላው ውሃ ውስጥ ስለሆነ መቀመጫችን እንደራሰ፣ ዘንጉ ጭልፍ ጭልፍ እያለ፣ ተኝተን እንሂድ ነቅተን ሳናውቅ እንደርሳለን። አንድ ቀን ሁለታችንም እንቅልፍ ወስዶን ታንኳው ብቻውን መንገዱን አውቆ አድርሶናል። ይህን ጓደኛዬም ይመሰክራል፤ ተኝቶ ሳለ እንዴት እንዳየ ግን ጠይቄው አላውቅም።

እንዲህ ባለ ማለዳ ነው መጀመሪያ ያየኋቸው። የጣሊያኖቹ ሻምበል ቤት ከውሃው አጠገብ ነበር፤ ከጓሮው በሽቦ መረብ የታጠረ ትንሽ ግቢ አለው። ጉሙ ገለጥ ሲል ከሽቦው ኋላ ሦስት ትናንሽ ሰዎች ጎፈሬያቸውን አበጥረው ወዲህና ወዲያ ሲንጎራደዱ አየሁ።

«አየህ?» አልሁት ጓደኛዬን።

«አየሁ። ዝም ብለህ ግፋ፤ የሐይቁ ናቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዶሮ ይመስላሉ እኮ!»

«ዶሮ ሆነው ነው የሚመጡ። አንተ ምን ታውቃለህ?»

ዶሮዎች ነበሩ፤ ግን የእኛ ዓይነት አይደሉም። እርግጥ በእኛም አገር ጉትያ ዶሮ አለ፤ አናቱ ላይ ጥቂት ላባ ቀና አድርጎ ሠርግ የተጠራ የሚመስለው። እነዚህ የተሸከሙት ግን ጉትያ ሳይሆን ደን ነው። ላባው ከአናታቸው ይፈልቅና በግንባር፣ በጆሮ፣ በማጅራት እየወረደ ዓይናቸውን ይጋርደዋል። ከአገጫቸው ሥር ደግሞ የተንዠረገገ የመነኩሴ ጺም አላቸው። ዶሮ አናቱ ላይ የሚያቆመው ቀይ ሥጋ የለ፣ ጉንጩ ሥር የሚያንጠለጥለው የለ፤ ሁሉንም ላባ ውጦታል። ገላቸው የወርቅ ቀለም ሆኖ እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩን በጥቁር ተከቧል፤ አንድ ትዕግሥተኛ ቁም ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ ላባ በላባ በብርዕ የከበባቸው ይመስላል። እግራቸው የጭስ ሰማያዊ ነው።

አረማመዳቸውማ የሕልም ነበር። ከፊት የሚመጣውን ስለማያዩ እግራቸውን ያነሡና አየር ላይ ትንሽ ያስቡበታል፤ ከዚያ ያስቀምጡታል። ድንገት የሆነ ነገር ኮሽ ሲልባቸው ቁመታቸውን ያህል ይዘላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሰው ሕልማቸው ውስጥ ይገባሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባሕር ዳር ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዱ፣ ሻምበሉ ጠዋት ጠዋት ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣቸዋል አለ። ሌላው፣ የለም፣ እነሱ ናቸው ለሻምበሉ የሚሰጡ አለ። እኔም የድርሻዬን አዋጣሁ፤ የጣሊያን ወታደር ባርኔጣው ላይ የሚሰካው ላባ ከነዚህ ነው የሚነጨው፤ ላባቸው ባለቀ ቀን ጦርነቱ ያበቃል አልሁ። ወሬው በሳምንቱ ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመጣ የነገረኝን ሰው አመንሁት። ሻምበሉ ግን ሰው ወደ ሽቦው አያስጠጋም። የሚቀልባቸውም፣ የሚጠርግላቸውም፣ ጎጇቸው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚገባውም ራሱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ከማየት በቀር የእነዚያን ዶሮዎች ገበና የሚያውቅ አንድም የአገር ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የዜማ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም። ድምፃቸውን ልናገር ብል ከጨው በላይ መጨመሬ ነው፤ ብቻ ከማዶ ሆነው ሲያዜሙ ጉማሬ ከውሃው ወጥቶ ይቆም ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ ደግሞ ጣሊያን ቤታቸውን ወሰደና የቤንዚን በርሜል ደረደረበት። ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ዓለም ለእኔ ቦታ የላትም» ብለው ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ደሴት ላይ ለመመንኮስ ቆረጡ።

ደሴቱን ሴት አትረግጠውም። ሴት ስል የሰውን ብቻ አይደለም፤ ላም አትገባም፣ እንስት ፍየል አትገባም፣ ዶሮ እንኳ ሴት ከሆነች አትገባም። በዙሪያው ያለውን ዓሣ ማን እንደሚያጣራው አላውቅም። አበ ምኔቱ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የረሱት፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ነበሩ። አጎቴን ተቀብለው «እስከ መስቀል አመክሮ» አሏቸው። እስከ መስቀል ገዳሙን ያገለግላሉ፤ ከተስማሙ ቆብ ይደፋሉ፣ ካልተስማሙ ይመለሳሉ ማለት ነው።

መመለስ ወዴት? ወደ እኔ ጎጆ ነዋ። የእኔ ጎጆ ደግሞ ተኝቼ እግሬን ስዘረጋ ተረከዜ ጎረቤት ቤት የሚያድርበት ነበር። በታንኳ ያደረስናቸው ቀን አጎቴ ከዳር ቆመው «ልጄ፣ እዚህ ካልተቀበሉኝ የምሞትበት እንኳ የለኝም» አሉኝ። እኔ በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ፤ ያን ቀን አልቀለድሁም።

የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ዶሮ ሲጮህ የድንጋዩን ደወል መምታት። የደሴቱ ሥርዓት ግን እንዲህ ነው፦ መነኮሳቱ በየበዓታቸው ጋደም ብለው መጀመሪያ ዶሮውን ይሰማሉ፣ ቀጥሎ ደወሉን ይሰማሉ፣ ከዚያ ለጸሎት ይነሣሉ። ዶሮው ሳይጮህ ደወሉ ብቻ ቢመታ ማንም ንቅንቅ አይልም። «የሰው ግምት ነው» ብለው ይገላበጣሉ። አበ ምኔቱ፣ ሰው ይሰንፋል፣ ሰው ይታበያል፤ ዶሮ ግን አይታበይም ይሉ ነበር። አውራ ዶሮ አይተው እንደማያውቁ በዚህ ገባኝ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ፈንግል ገባ። ከቆላ ድባ እስከ ዘጌ ዶሮ የሚባል አለቀ፤ ከፈንግል የተረፈውን ወታደር ቀቅሎ በላው። ባሕር ዳር ያለ ዶሮ ጩኸት ይነጋ ጀመር፤ ፀሐይም የሚጠራት ስታጣ እያረፈደች ትወጣ ነበር። ከሻምበሉ ሦስት ዶሮዎች ሁለቱ ሞቱ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ሐይቁ ዳር ሲቀብራቸው በዓይኔ አይቻለሁ። የደሴቱም አውራ ዶሮ ሞተ። አንድ ቀን መነኮሳቱ ዶሮ ሲጠብቁ ፀሐይ አናታቸው ላይ ወጣች። አጎቴም መልእክት ላኩብኝ፤ «ከየትም ብለህ አውራ ዶሮ አምጣልኝ፤ አለዚያ አመክሮዬ ፈረሰ።»

ፈለግሁ። ዓባይን ተሻግሬ ፈለግሁ፣ ቆላ ድባ ድረስ አስጠየቅሁ። እንኳን ዶሮ ላባ ጠፋ።

ከዚያ አንድ ማለዳ እንጨት ስናራግፍ ሰፈሩ ተተራምሶ ደረስን። አርበኞቹ ተጠግተዋል ተብሎ ሻምበሉ ወደ ጎንደር ታዟል፤ ካሚዮኑ እያጓራ ይጠብቀዋል። ሻምበሉ የቀረውን ዶሮ አቅፎ ወጣ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ ከሁሉ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። መጣና ከትከሻዬ እንጨቱን አውርዶ ዶሮውን አሳቀፈኝ። ጎፈሬውን አንዴ ዳበሰውና ዞሮ ሄደ።

«አገሬን ወስዶ ዶሮ ሰጠኝ» አልሁት ጓደኛዬን።

«አንተስ ተጠቀምህ፤ ለእኛ የሰጡን ቅማል ብቻ ነው።»

ዶሮው አልተወራጨም። ሞቃትና ቀላል ነበር፤ አንድ እፍኝ ጉም ያቀፍሁ ያህል። ጎፈሬውን ደረቴ ላይ ጣል አድርጎ ተኛ። በጣቴ ላባውን ገለጥ ሳደርግ አናቱ እንደ እንኮይ ጉብ ብሏል፤ ያ ሁሉ ደን የበቀለው ከዚያች ጉብታ ላይ ነው። ልቡ ክንዴ ላይ ስትመታ እየሰማሁ ታንኳው ላይ ተቀመጥሁ። ወዲያው ክርክራችን ተጀመረ።

«ወንድ ነው ሴት?» አልሁ።

«ያመሃል እንዴ? ጺሙን አታይም? ጺም ያላት ሴት የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ያቺ አክስትህስ?»

«እሷን ተዋት፤ እሷ አትቆጠርም።»

«እሺ፣ አናቱ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ የታለ?»

«ጎፈሬው ሸፍኖት ነዋ።»

«የእግሩ እሾህስ?»

«ጎረምሳ ነው። አንተስ መች አወጣህ? ወላሂ ይህ ዶሮ ወንድ ካልሆነ እኔም ወንድ አይደለሁም!»

እንዲህ ያለ መሐላ ከተማለ በኋላ ምን ይባላል? ታንኳውን ወደ ደሴቱ አቀናን።

ደሴቱ ዛፉ እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ቅርንጫፉን የሚያጥብ፣ ውስጡ አረንጓዴ ጨለማ የሆነ ቦታ ነው። አበ ምኔቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። አጎቴ ዶሮውን ከእጄ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። ሽማግሌው በረጃጅም ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ዳበሱት፤ ጎፈሬውን፣ ጉንጩን፣ አገጩን።

«ይህ ምንድን ነው? ዶሮ ነው ወይስ መናኝ?»

«ዶሮ ነው፣ አባታችን» አሉ አጎቴ።

«ጺም አለው።»

«አዎ፣ አባታችን።»

«ጠጉሩን አልተላጨም። ዓይኑንም ከዓለም ጋርዷል። ይህ ከእኔ ይልቅ መንኩሷል፤ ይግባ» አሉ።

ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። አበ ምኔቱ በትራቸውን ቋ ቋ እያደረጉ ሲሄዱ ዶሮው ድምፁን እየተከተለ ከኋላቸው ይሄዳል፤ እሳቸውም አያዩ፣ እሱም አያይ፤ እግራቸውን እኩል አንሥተው፣ አየር ላይ እኩል አስበው፣ እኩል ያስቀምጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ጎፈሬው ይርስና አንገቱን ይከብደዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው ያስጠልሉታል። ክረምቱ እንደዚያ እያለ፣ ቅጠል እየተንጠባጠበ፣ ቀንና ሌሊቱ በዚያ አረንጓዴ ጨለማ ውስጥ እየተቀላቀለ ገፋ። እንጨት ለማራገፍ ስንሻገር በማለዳ ከደሴቱ በኩል የዶሮውን ጩኸት እንሰማለን። እንዴት ያለ ጩኸት! ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ይርገበገባል፤ ጉሙን ለሁለት ይከፍለዋል። ጓደኛዬ ደረቱን እየነፋ «አላልሁህም? ወንድ ነው!» ይለኛል።

አንድ ቀን ለዶሮው የሚሆን ማሽላ ይዘን ሄድን። አጎቴን ሳያቸው ደነገጥሁ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ድምፃቸው ሻክሯል። ክንዴን ይዘው ከጌሾው ኋላ ወሰዱኝ፤ ጓደኛዬም ተከተለን።

«አይጮህም» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማ?»

«ዶሮው።»

«የኔታ፣ ምን ነካዎት? ዛሬ ማለዳ በዚህ ጆሯችን ሰምተነው የለም እንዴ?»

አጎቴ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ጓደኛዬ ማሽላው ላይ ቁጭ አለ።

«የመጀመሪያው ቀን ጠበቅሁ» አሉ አጎቴ። «ጎህ ቀደደ፤ እሱ ጎፈሬውን ክንፉ ሥር ቀብሮ ተኝቷል። መነኮሳቱ በየበዓታቸው ጆሯቸውን አቁመው ዶሮ ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ? ከደወሉ ኋላ ጎንበስ አልሁና…»

«ጮሁ?»

«ጮህሁ።»

«ምን ብለው?»

«ምን ይባላል? ኩኩሉ ነዋ!»

«እስቲ አንዴ ይጩሁልኝ።»

«ሂድ ወዲያ! እኔ እዚህ ነፍሴ ተሰቅላለች፣ አንተ ትቀልዳለህ። ከታወቀብኝ እኮ መስቀልን አላይም፤ በዚያው ቀን ታንኳ ላይ ነው የሚጭኑኝ። ደግሞ ያ ከጎኔ ያለው መነኩሴ ዜማ አዋቂ ነው፤ ትናንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ይህ የፈረንጅ ዶሮ ዕዝል ያውቃል› አይለኝም?»

ያን ጊዜ ጓደኛዬ ከማሽላው ላይ ተነሣ። መላ የመጣለት ሰው ፊት ነበረው።

«የማይጮኸው ስለማያይ ነው! ጎፈሬው ዓይኑን ጋርዶት ንጋቱ አይደርሰውም። እሱ እኮ መንጋቱን አላወቀም። ላላየው ንጋት ምን ብሎ ይጩህ?»

ተያየን። በሐይቁ ዙሪያ እንዲህ ያለ ብልህ ነገር ተነግሮ አያውቅም። አጎቴ ብራና የሚቆርጡበትን መቀስ አመጡ። እኔ ያዝሁ፣ ጓደኛዬ ላባውን ወደ ኋላ ሰበሰበ፣ አጎቴ የግንባሩን ከረከሙት።

ከላባው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ወጡ። እንደ ማለዳ ፀሐይ ብርቱካንማ ናቸው። መሬት ላይ ሳኖረው ዶሮው አልተንቀሳቀሰም። መጀመሪያ የራሱን እግር አየ፣ ተገረመ። ቀጥሎ አጎቴን አየ። ከዚያ ቀና ሲል ጣናን አየ። ከፈረንጅ አገር እዚህ ድረስ መርከብ ተሳፍሮ፣ ካሚዮን ተሳፍሮ፣ ሐይቅ ዳር ከርሞ፣ ታንኳ ተሻግሮ ውሃ አይቶ የማያውቅ ፍጥረት ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። ወደ ዳሩ በቀስታ ወረደና ቆመ። ሻላዎቹ አለፉ፤ አንገቱን አዙሮ ሸኛቸው። የከሰዓቱ ብርሃን ውሃው ላይ ተበጣጠሰ፤ እሱ ቁራጭ በቁራጭ ተመለከተው። እኛም አጠገቡ ቆመን ስናይ ለእኔ ራሱ ሐይቁ ያን ቀን የተፈጠረ መሰለኝ። ጀንበር እስክትጠልቅ ሥራችንን ረሳን።

ያን ሌሊት እዚያው አደርን። ጎህ ሲቀድ አጎቴ ከደወሉ ኋላ፣ እኛ ከአጎቴ ኋላ ተጎነበስን። ዶሮው ከማደሪያው ወረደ። ምሥራቁን አየ፤ በደንብ አየው። «ቅርርር» አለ፣ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ትል ሊለቅም ሄደ።

አጎቴ ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሰማዩ እየቀላ መጣ። በመጨረሻ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው ጮሁ። በቅርብ ስሰማው ቆዳዬ ተነሣ። ሻላዎቹ ከውሃው ተነሡ፣ ጉማሬ አዳመጠ፣ ዛፎቹ ጠላቸውን አራገፉ። ዶሮው ደግሞ ከሚጭረው አፈር ቀና ብሎ አንገቱን ስብር አድርጎ አጎቴን አያቸው። ያን አስተያየት አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ።

መስቀል ደረሰ። ዋዜማው ከመድረሱ በፊት ለደመራው እንጨት ጭነን ሄድን። አበ ምኔቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ መነኮሳቱ ከበዋቸዋል፤ የአጎቴ ነገር ሊነገር ነው። አጎቴ ሻሽ የመሰለ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዶሮው እንደ ልማዱ አበ ምኔቱ ጭን ላይ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። መጋቢው፣ የገዳሙን እህልና ሥርዓት የሚጠብቁት ቆፍጣና መነኩሴ፣ «አንድም ጉድለት አላየሁበትም» ብለው መመስከር ጀመሩ። አጎቴ ትንሽ ትንፋሽ አገኙ።

ይህን ጊዜ ዶሮው ከጋቢው ውስጥ ብድግ አለ። አንገቱን አሰገገ። ወደ ደሴቱ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ፤ ግን ኩኩሉ አላለም። «ቀቅ ቀቅ ቀቅ ቀቅ ቀዳቅ!» አለ።

እናቱ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። መነኩሴም ከእናት ቤት ነው የወጣ። ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ወደ ጋቢው ዞረ።

አበ ምኔቱ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰደዱ። የሆነ ነገር አወጡና ብርሃን ላይ ያዩት ይመስል ወደ ፊታቸው አቀረቡት። ነጭ ነው፤ ሞቃት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ይህ ምንድን ነው?»

አጎቴ፣ ከጉድጓድ በሚወጣ ድምፅ፣ «እንቁላል ነው፣ አባታችን» አሉ።

«ማን ጣለው?»

«እኔ አይደለሁም» አለ ጓደኛዬ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ። ክርኔን ጎኑ ውስጥ ከተትሁት።

መጋቢው ተነሡ። «አባታችን፣ ሥርዓታችን ፈረሰ! ሴት ክረምቱን ሙሉ ደሴቱ ላይ፣ ያውም በእርስዎ ጭን! ያስመጣትም ከእሷ ጋር ዛሬውኑ ይሂድ።»

አጎቴ ተንበረከኩ። ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም፤ የታንኳውን ዘንግ አየሁ፤ አጎቴን ጭነን ስንመለስ ታየኝ፤ ከዳሩ ወርደው ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ሲቆሙ ታየኝ።

«አላወቅሁም፣ አባቴ» አሉ አጎቴ። «ጺሙን አይቼ ተሳሳትሁ።»

«አለማወቅህን አውቃለሁ» አሉ አበ ምኔቱ። «እኔስ ክረምቱን ሙሉ በእጄ እየዳበስሁ መች አወቅሁ?» እንቁላሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩት። «ቆይ ግን። ሴት ከሆነች፣ ሲጮህልን የከረመው ማን ነው?»

አጎቴ ከተንበረከኩበት ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«አታለለን!» አሉ መጋቢው።

«ጩኽ» አሉ አበ ምኔቱ።

«አሁን?»

«አሁን።»

አጎቴ ተነሡ። በቀትር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የዜማ መምህሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮሁ። መጀመሪያ ድምፃቸው በኀፍረት ተሰበረ፤ ቀጥሎ ልማዱ ያዘውና ወረደ፣ ወጣ፣ ተርገበገበ። ከዳር ተቀምጠው ሲያንጎላጁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ደንገጥ ብለው ነቁና መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ጀመሩ። ሰው ሮጦ መለሳቸው።

አበ ምኔቱ ሳቁ። ሲስቁ አየሁ የሚል ሰው ከእኔ በፊት አልተወለደም ነበር።

«ይህ ሰው ክረምቱን ሙሉ አንድም ቀን አላረፈደም፤ አንድም ቀን አልቀደመም። ከሞተው ዶሮ ይሻላል፤ ያ አንዳንድ ቀን እኩለ ሌሊት ይጮህ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መጋቢው አዞሩ። «ሥርዓታችን ሥርዓት ነው። ዶሮዋ ትሂድ። አውራው ይቅር።»

አጎቴ መሬቱን ስመው ቀሩ፤ ሁለት ሰው ነው ያነሣቸው።

አበ ምኔቱ ዶሮዋን በእጃቸው አቀበሉኝ። ከመልቀቃቸው በፊት፣ ከርክመናት ገና በማደግ ላይ ያለውን የግንባሯን ላባ በጣታቸው አሹ። «በሰላም ሂጂ፣ እመ ምኔት» አሏት። ከዚያ በትራቸውን ፈልገው ብቻቸውን ወደ በዓታቸው ሄዱ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

መጋቢው እንቁላሉን በመዳፋቸው ይዘው ቀርተዋል። ጓደኛዬ ታንኳው ላይ ሲወጣ ዞሮ «አባቴ፣ እሱን ምን ሊያደርጉት ነው? ወንድ ይሁን ሴት ገና አልታወቀም እኮ!» አላቸው። ወርውረው እንዳይመቱን ቶሎ ገፋን።

የመስከረም ሐይቅ ጉም የለውም። ውሃው ቢጫ ነበር፤ ከዳሩ ያለው አደይ ሁሉ የገባበት ይመስላል። ዶሮዋ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ደሴቱ አዙራለች። ዛፎቹ እየተቀራረቡ፣ እያነሱ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ እየሆኑ ሲሄዱ አየቻቸው። ጓደኛዬ ውሃው እንዳይረጫት ዘንጉን ቀስ እያደረገ ይገፋል።

ከመንገዱ አጋማሽ ስንደርስ ከኋላችን ድምፁ መጣ። ማንም ሳያዝዘው፣ ደወል ሳይከተለው፣ በቀን በቀትሩ፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ይርገበገባል።

ጓደኛዬ ዘንጉን አቆመ። «ምን ሆነው ነው? ሰዓቱ አይደለም እኮ።»

«ምንም አልሆኑ» አልሁት። «ቤት አግኝተው ነው።»

ዶሮዋ አንገቷን ሰብራ እስከ መጨረሻው ሰማች።